ወደ ገደሉ ዘንበል በል

ዴንቨር ለደረሰ እንግዳ ከሰላምታው በፊት ማስጠንቀቂያ ይቀርብለታል። «ከፍታ ላይ ነህና ውሃ ጠጣ፤ አትቸኩል፤ ራስህን ሊያዞርህ ይችላል» ይሉታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ ይህም ልክ አንድ ማይል ስለሚሆን ትኮራበታለች። እኔ የመጣሁት ከአዲስ አበባ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ካለ ሰፈር ነው። ለእኔ ዴንቨር ቆላ ናት። ይህን ግን አልተናገርኩም፤ በሰው አገር በከፍታ መፎካከር ነውር ነው።

ጊዜው የጥምቀት ሰሞን ነበር። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ መንገዱ በመኪና ስለሚጨናነቅ ዓርብን መረጠና ወደ ላቭላንድ ወሰደን። ላቭላንድ ከአይዘንሃወር የመኪና ዋሻ አፍ አጠገብ ያለ የበረዶ ስኪ ቦታ ነው። ከአናቱ ያለው ሸንተረር አሜሪካን ለሁለት የሚከፍል የውሃ መለያ ነው፤ በዚህ በኩል የቀለጠ በረዶ ወደ አትላንቲክ፣ በዚያ በኩል የቀለጠው ወደ ፓስፊክ ይሄዳል። በግንባሩ የተደፋ ሰው ግን ፊቱ ላይ ያለው በረዶ ለየትኛው ውቅያኖስ እንደሚደርስ አያሳስበውም። የቦታው ግርጌ ብቻ 3,290 ሜትር ገደማ ነው፤ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል። ስኪውን ተሸክሜ ከመኪናው ወደ ላይ እስከሚያወጣው ሊፍት እንደሄድኩ ዴንቨርን ቆላ ያለው ትንፋሼ ተቆራረጠ።

እዚያ አገር ሕፃናት ስኪ የሚማሩት በምግብ ነው። የስኪዎቹን ጫፍ አቀራርቦ ኋላቸውን መክፈት «ፒዛ» ይባላል፤ ፍሬን ነው። ጎን ለጎን አስተካክሎ መልቀቅ «ችብስ» ነው፤ ያበርራል። ፒዛውን ከዚያ ቀደም ለምጄው ስለነበር፣ የዚያን ቀን ዓላማዬ በችብስ መታጠፍ ነበር። የዘመዴ ትንሽ ልጅ ግን በአጠገቤ ሽው ባለች ቁጥር፣ «ጋሼ፣ ፒዛ! ፒዛ አድርግ!» ትለኛለች። ዕለቱ ዓርብ፣ ፒዛው ባለ አይብ፤ ምን ብዬ ልመልስላት?

አባቷ ደግሞ የራሱ የማስተማር ዘዴ አለው። ከታች ይቆምና «ታጠፍ!» ይላል። ካልታጠፍኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ታጠፍ እንጂ!» ይላል። የትምህርቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ይኸው ነው። በመጨረሻ ገንዘብ ከፈልንና፣ ፀጉራቸው ከበረዶው እኩል የነጣ አንዲት አሰልጣኝ ተረከቡኝ።

ሴትዮዋ ከኢትዮጵያ መምጣቴን ሲሰሙ፣ «እናንተ አገር በረዶ አለ እንዴ?» አሉ። እኛ የምናውቀው በረዶ ቆርቆሮ ላይ የሚንጫጫው መሆኑን ሳልነግራቸው ዘመዴ ቀደመኝ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪኑ የክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ በስኪ መወዳደሩን ደረቱን ነፍቶ አወራ። እውነት ነው፤ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ዘመዴ የዘለላት ነገር ቢኖር፣ ሮቤል የተወዳደረው በአገር አቋራጭ ስኪ መሆኑን ነው። በረዶ ላይም ወጥተን ረጅም ርቀት! ቁልቁለቱን ለማን እንደተውነው እንጃ።

አሰልጣኟ ትንሽ ካስነዱኝ በኋላ አስቁመው፣ «ዙርና የመጣህበትን እይ» አሉኝ። የእኔ ዱካ በረዶው የተጠረገበት ሰፊ ቦታ ነበር። የእሳቸው ሁለት ቀጫጭን መስመር ብቻ ነው፤ የባቡር ሐዲድ ይመስላል። «አንተ በረዶውን ትጠርገዋለህ፤ ቁረጠው» አሉ።

አቆራረጡ በስኪው ቅርፅ ውስጥ አለ። ስኪ ከፊትና ከኋላ ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን ነው፤ ግራና ቀኙም የብረት ጠርዝ አለው። በጎኑ ሲያጋድሉት ጫፍና ጫፉ በረዶውን ይነክሳል፤ መሐሉ በሰው ክብደት ይለመጣል፤ ከዚያ በኋላ በጎበጠበት መስመር ራሱ ይዞራል። ድሮ ስኪ ቀጥ ያለና ሁለት ሜትር የሚደርስ ስለነበር እንዲህ ማጠፍ የጥቂት ጎበዞች ሥራ ነበር። ኤላን የተባለው የስሎቬንያ ፋብሪካ በ1993 እ.ኤ.አ. ወገበ ቀጭኑን ስኪ ካወጣ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ የመዞሪያው ስፋት ስኪው ላይ በሜትር ተጽፎ ይገኛል። ከሰውየው የሚፈለገው ማጋደልና መታገስ ነው። እግሩን ልጠምዝዝ ካለ ወደ መጥረግ ይመለሳል።

ችግሩ የሚጋደልበት አቅጣጫ ነው። የደጋ ሰው ቁልቁለት ሲወርድ ተረከዙን ይተክላል፤ ወደ ኋላ ለጠጥ ይላል፤ እጁን ወደ ተራራው ይሰዳል። በቅሎ ላይ ያለውም ወደ ኋላ ይደገፋል። ይህ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ጥበብ ስኪ ላይ አይሠራም። ወደ ኋላ ሲሉ የስኪው ጫፍ ክብደት ያጣና መሪው ይጠፋል። ወደ ተራራው ሲደገፉ ክብደት የሚሻው የውጪው እግር ባዶ ይቀራል፣ ሰውየውም በጎኑ ይተኛል። ሴትዮዋ የሚሉት፣ «ደረትህን ወደ ሸለቆው! በውጪው እግር ቁም!» ነው። ሰው እንዴት ወደ ገደል ዘንበል በል ይባላል? ገደል ያልኩት በእርግጥ አረንጓዴ ምልክት የተተከለበት፣ ሕፃናት የሚቦርቁበት ለጥ ያለ ሜዳ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ከድካም ይሁን ከተስፋ መቁረጥ፣ ወደ ሸለቆው ዘንበል አልኩ። ስኪው ድምፁን አጠፋና ዞረ። እኔ አላዞርኩትም፤ ብቻ አልከለከልኩትም። ልጅቷ መጥታ ዱካዬን መረመረች። «ጋሼ፣ የግራው ጥሩ ነው፤ የቀኙ አሁንም ፒዛ ነው» ብላ ፈረደች። ይግባኝ የለውም፤ ማስረጃው መሬት ላይ ተሰምሯል።

አንባቢዬ፣ ዕድሉ ገጥሞህ ስኪ ልትማር ከሄድክ ሁለት ነገር ያዝ። ስለ ፍጥነትህ የሚነግሩህን ትተህ ዱካህን ዞረህ እይ። ትምህርቱንም ከባዳ ተማር፤ ዘመድ ማታ ምግብ ያብላህ እንጂ ቁልቁለት ላይ አያስተምርህ።