በአፍ የሚወጣ ዳገት

እንጦጦን በብስክሌት የሚወጣ ሰው ሁለት ጊዜ ይወጣዋል፤ አንዴ በእግሩ፣ አንዴ በአፉ። በእግር የተወጣው ያው ዳገት ነው። በአፍ የሚወጣው ግን በየማኪያቶው ከፍ እያለ ይሄዳል።

ድሮ ወሬው ያለ ምስክር ነበር። አሁን ሁሉም በብስክሌቱ መሪ ላይ መለኪያ አስሮ ስለሚመጣ ጉራውም ማስረጃ አግኝቷል። እኔና ባልንጀራዬ ከሽሮ ሜዳ አብረን ተነሥተን፣ ጎን ለጎን ፔዳል ረግጠን፣ እንጦጦ ማርያም ደጅ ስንደርስ የእሱ መሣሪያ ከእኔ መቶ ሜትር አስበልጦ ያወጣዋል።

«ወንድሜ፣ መቶውን ሜትር የት ላይ ነው ለብቻህ የወጣኸው?»

«አንተ ስታለከልክ!»

ርቀት እንኳ ዳኛ አያጣም። ሳተላይት የሚጠይቀው መሣሪያ በየመሃሉ ነጥብ እየጣለ ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር ያገናኛል፤ ጠመዝማዛውን አንተ ስትዞረው እሱ በአቋራጭ ያልፋል። ካላስቆምከው ደግሞ ነጥቡ ወዲያ ወዲህ ስለሚዋልል ቡና ቤት ወንበር ላይ እንደተቀመጥክ ያስነዳሃል። ሐቀኛው ቸርኬ ላይ የሚታሰረው ቆጣሪ ነው፤ የጎማህን ዙሪያ በትክክል ከነገርከው። ጎማውን በደንብ ትነፋለህ፣ ትቀመጥበታለህ፣ ንፋስ መሙያው ከታች ሲሆን መሬቱን በጠመኔ ታሰምራለህ፣ አንድ ዙር ሄደህ ዳግመኛ ታሰምርና መሃሉን ትለካለህ። የኮርስ ብስክሌት ጎማ ዙሪያ 2,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 10 ሚሊ ሜትር ከተሳሳትክ በ100 ኪሎ ሜትር ላይ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ትሰርቃለህ፣ ወይም ትሰረቃለህ።

ዳገት ግን ዳኛ የለውም። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከራስህ በላይ እንጂ ከእግርህ ሥር ስለማይገኙ፣ ከፍታ ላይ የባሰ ይሳሳታሉ። ስለዚህ ሻል ያሉት መሣሪያዎች የአየር ግፊት ይለካሉ። አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ በአንድ ሄክቶፓስካል ሲቀንስ ከዐሥር ሜትር በላይ ወጥተሃል ማለት ነው። ችግሩ፣ ግፊት ያለ ዳገትም ይቀንሳል። በእኛ አካባቢ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይልና ወደ ቀኑ 10 ሰዓት ሁለት ሦስት ሄክቶፓስካል ወርዶ ይገኛል። ግድግዳ ተደግፎ የዋለ ብስክሌት ሃያ ሠላሳ ሜትር ወጥቶ ያመሻል ማለት ነው። ባልንጀራዬ ከሰዓት በኋላ መንዳት ለምን እንደሚወድ ያኔ ገባኝ።

«ካርታው ይፍረድ» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን በረራ አብዛኛውን የብስ በራዳር ለክታለች፤ በየ30 ሜትሩ አንድ ነጥብ ያህል። ለሜዳ ይበቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ባለው የዓባይ በረሃ ግን መንገዱ ከተራራው ጎን ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ እዚያ 30 ሜትር ወደ ጎን መሳት ገደል መግባት ነው። ካርታው ገደል ገብተህ እንደወጣህ ይመዘግባል፤ እንዴት እንደተረፍክ አይጠይቅም።

ደግሞስ ዳገት የሚባለው ከስንት ሜትር ጀምሮ ነው? የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይደመራል? አንዱ መሣሪያ እያንዳንዷን ጉብታ ይለቅማል፤ ሌላው ከጥቂት ሜትር በታች ያለውን ንቆ ያልፋል። የሒሳብ ሊቁ ማንደልብሮ እ.ኤ.አ. በ1967 የብሪታንያ ጠረፍ ርዝመቱ ስንት ነው ብሎ ጠይቆ፣ መለኪያው ባጠረ ቁጥር ጠረፉ እንደሚረዝም አሳይቷል። የእኛን ሰፈር የኮብልስቶን መንገድ አንድ ቀን ቢነዳበት ኖሮ ጠረፍ ድረስ ባልደከመ።

እውነተኛ ቁጥር ከሌለ የቀረው መስማማት ነው። ስለዚህ አብረን የምንነዳው ሰዎች አንድ ሕግ አወጣን፤ ከሁሉ የበለጠ ዳገት ያስመዘገበ የሁላችንንም ቁርስ ይከፍላል። ከዚያ ወዲህ እንጦጦ በየሳምንቱ እያጠረ ነው። ባለፈው እሑድማ ባልንጀራዬ ቁልቁለት ወርደን ነው የመጣነው ብሎ ተከራከረ።