ዝነኛ የሮክ ሙዚቃ ሰምቶ አለመውደድ፤ ለሐረር አድማጭ የተዘጋጀ የስህተት መመሪያ

ከአንድ ዝነኛ የሮክ ባንድ ጋር ሳይግባቡ ለመቅረት መንገዱ ብዙ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ከአልበሙ ስም መጀመር ነው። ለሐረር አድማጭ ለዚህ የሚሆን አልበም አለ፤ አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ፓቲ ስሚዝና ባንዷ በ1976 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት «ሬዲዮ ኢትዮጵያ»። ስሙን ያየ ሰው ክራር ወይም ማሲንቆ፣ ሌላው ቢቀር አንድ የአገር ቤት ዜማ ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን ጃክ ዳግላስ በፕሮዲዩሰርነት የመራው፣ ከዳር እስከ ዳር በኤሌክትሪክ ጊታር የተሞላ አልበም ነው። የአልበሙን ስም የያዘው ሥራ አሥር ደቂቃ ያህል ይረዝማል። ጊታሮቹ ይጮኻሉ፣ ይፋጫሉ፤ ዘፋኟም ከዜማው ይልቅ ወደ ጩኸቱ ታደላለች። ኢትዮጵያን ፍለጋ የገባ ጆሮ አሥሩንም ደቂቃ የሌለውን ሲፈልግ ያሳልፋል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ሳይሰማ ያመልጠዋል።

ስሙ ከየት እንደመጣ አለመጠየቅም ለዚሁ ዓላማ ይረዳል። ከተጠየቀ ነገሩ በቀጥታ የሐረር ጀጎል ውስጥ ይገባል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ግጥም እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ በ1880 መጨረሻ ለባርዴ የንግድ ድርጅት ተቀጥሮ ቡናና ቆዳ ሊነግድ ሐረር ገባ። እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 ኖረባት፤ በዚያው ዓመት በ37 ዓመቱ ማርሴይ ላይ ሞተ። ዛሬ የራምቦ ቤት የሚባለው ያማረ ባለ ፎቅ ቤት ራሱ እሱ ከሄደ በኋላ የተሠራ ነው። ከሐረር ዘመኑ የተረፈው ጽሑፍ ግጥም የለበትም፤ ለቤተሰቡና ለንግድ ሸሪኮቹ የላካቸው ደብዳቤዎችና ስለ ኦጋዴን የተዘጋጀ ዘገባ ነው።

የሮክ ሙዚቀኞችን የማረካቸው ይኸው ዝምታ ነው። የዘ ዶርስ ድምፃዊ ጂም ሞሪሰን የራምቦን ግጥሞች ወደ እንግሊዝኛ ለመለሱት ለፕሮፌሰር ዋላስ ፋውሊ በ1968 የምስጋና ደብዳቤ ጽፏል። ቦብ ዲላን በ1975 ባወጣው አልበም ውስጥ የገጣሚውን ስም ያነሳል። ፓቲ ስሚዝ ከሁሉም ትብሳለች። በዚያው ዓመት በወጣው «ሆርስስ» በተባለው የመጀመሪያ አልበሟ ራምቦን በስሙ ትጠራዋለች። ኋላም በ2010 ባሳተመችው የትዝታ መጽሐፍ፣ በወጣትነቷ እሱ ጥሎት ሊሆን ይችላል ያለችውን ጽሑፍ ፍለጋ ኢትዮጵያ ድረስ ለመምጣት አስባ እንደነበርና ይህ ሳይሳካ ቀርቶ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ሻርልቪል እንደሄደች ተርካለች። ስለዚህ በአልበሙ ሽፋን ላይ ያለችው ኢትዮጵያ አንዲት የኒው ዮርክ ገጣሚ ሳታያት የናፈቀቻት አገር ናት። ሌድ ዜፕሊንም በ1975 «ካሽሚር» የሚለውን ዘፈን ሲያወጡ ሐሳቡ ለድምፃዊው የመጣለት በደቡብ ሞሮኮ መንገድ ላይ ነበር። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የአገር ስም የሚነግረን ዘፋኙ ምን እንደተመኘ ነው። ይህን የማያውቅ አድማጭ እንደተታለለ ይሰማዋል፤ የተታለለ ሰው ደግሞ ለሙዚቃ የሚተርፍ ትዕግሥት የለውም።

ሁለተኛው የታወቀ ስህተት አድማጩ ገና ምንም ሳይሰማ «ከዓለም አንደኛ» ብሎ ማቅረብ ነው። በዚህ መልክ የቀረበ ዘፈን ፈተና ይሆናል፤ አድማጩ የሚጨነቀው ስለ ዘፈኑ መሆኑ ቀርቶ ስለ ራሱ ጆሮ ይሆናል። ደረጃው ራሱ ግን የሚጸና አይደለም። «ሮሊንግ ስቶን» መጽሔት በ2003 የታላላቅ አልበሞችን ዝርዝር ሲያወጣ የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» አንደኛ ነበር። በ2020 ዝርዝሩ እንደ አዲስ ሲሠራ አንደኛነቱን ማርቪን ጌይ ወሰደ፤ ቢትልሶች 24ኛ ላይ ወረዱ። የአልበሙ አሥራ ሦስት ዘፈኖች እንደነበሩ ናቸው፤ የተለወጡት መራጮቹ ናቸው። «ሬዲዮ ኢትዮጵያ»ም ሲወጣ ከ«ሆርስስ» በኋላ ብዙ የጠበቁ የዘፋኟ አገር ሃያሲያን ክፉኛ ነቅፈውታል። አልበሙን ሰምቶ ፊቱን ያጨማደደ የሐረር ወጣት አላዋቂ ከመሰለው፣ በወቅቱ ፊታቸውን ያጨማደዱት የኒው ዮርክ ጸሐፊዎች እንደነበሩ የነገረው ሰው የለም ማለት ነው።

ሦስተኛው የመሣሪያ ስህተት ነው፤ በሐረር በየቀኑ ይፈጸማል። ከፈረስ መጋላ ቁልቁል ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎች በሁለት ወገን ተደርድረው የእግር መኪናቸውን ይረግጣሉ። ስልኩ ጨርቁ አጠገብ ተቀምጦ ይዘፍናል። እንዲህ ባለ ቦታ የሰው ድምፅ፣ ጭብጨባና ዑድ ከመርፌው ጩኸት በላይ ይሰማሉ፤ ስለዚህ የድምፃዊው የአሊ ቢራ ዘፈን ብዙ ሳይጎድልበት ያልፋል። የሮክ ባንድ ግን የሚቆመው በቤዝ ጊታርና በትልቁ ድራም ላይ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የስልክ ትንሽ ስፒከር ደግሞ ይህን ያህል የወረደ ድምፅ ማውጣት አይችልም። የሚተርፈው የጊታሩ ፉጨትና የድምፃዊው ጩኸት ነው። አድማጩ «ጩኸት ብቻ ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ስልኩ ያደረሰለት ይህንኑ ነው። ስህተቱን ሙሉ ለማድረግ በዚህ መልክ የተሰማውን የመጨረሻ ፍርድ ማድረግና ጥሩ ስፒከር ወዳለበት ቤት አለመሄድ ይበቃል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ብቻ መስማት ነው። የሐረር ጆሮ የተገራው ዚክሪ በሚባለው መንፈሳዊ ዝማሬ ነው። በጥንታዊው የሐረሪ ቤት፣ በጌይ ጋር፣ ጫማ በር ላይ ይቀራል፤ ሰዉ ደረጃ ደረጃ ሆኖ በተሠራውና ምንጣፍ በለበሰው ነደባ ላይ እንደ ክብሩ ይቀመጣል። ከረቡ የሚባለው ከበሮ ይመታል፤ ከበል የሚባሉት ጥንድ እንጨቶች ይጋጫሉ። መሪው ፈጣሪን፣ ነቢዩንና አውሊያውን ያወድሳል፤ የተቀመጠው ሁሉ ይቀበለዋል። እዚያ ቤት ውስጥ አድማጭ ብቻ ሆኖ የሚቀመጥ የለም። ተቀባዩ ሲሞቅ መሪው ይጨምራል፤ ተቀባዩ ሲቀዘቅዝ ያሳጥራል። የረመዳን ጾም አልቆ ስድስቱ የሸዋል ጾም ቀናት እንደተፈጸሙ በሚከበረው፣ ዩኔስኮም በ2023 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ባሰፈረው በሹዋሊድ ይኸው መቀባበል ከቤት ወደ አደባባይ ይወጣል። ዘፈን ማለት መልስ የሚሰጡት ነገር ነው ብሎ ያደገ ሰው፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ለብቻው ሲጮህ ቢሰማ የሚቀበልበት ቦታ ያጣል።

ሮክ ራሱ የተወለደው እንዲህ ብቻውን አይደለም። የፓቲ ስሚዝ ባንድ በ1975 ጸደይ ሲቢጂቢ በሚባል ጠባብ የኒው ዮርክ መጠጥ ቤት «ቴሌቪዥን» ከሚባለው ባንድ ጋር እየተፈራረቀ ለሳምንታት ተጫውቷል። ሰዉ መድረኩ ሥር ተጣብቆ ቆሞ ይጮህ ነበር። የ«ሬዲዮ ኢትዮጵያ» ረጅም ጩኸት ለዚያ ሕዝብ የታሰበ ነው፤ በሸክላው ላይ የሌለው ግማሹ ድምፅ የሕዝቡ ነው። ሙዚቃውን የወደዱት ሰዎች ሸክላውን ሲያዞሩ ያን ግማሽ ከራሳቸው ይጨምሩበታል። የሐረሩ አድማጭ የደረሰው ሸክላው ብቻ ነው። በዚክሪና በዚያ መጠጥ ቤት መካከል በእምነትም በዓላማም ትልቅ ገደል አለ፤ ያም ሆኖ ሁለቱም ከሚቀበላቸው ሰው ሲነጠሉ ግማሽ ይሆናሉ። ላለመግባባት የቆረጠ ሰው እንግዲህ ሙዚቃውን ከሚወድ ጓደኛ ጋር ተቀምጦ ከመስማት መጠንቀቅ አለበት፤ የጓደኛ ጭንቅላት መወዝወዝ ብቻ ብዙ ነገር ያስረዳልና።

ቅኝቱ ባዕድ ነው የሚለው ሰበብ በአጭሩ የሚታለፍ ነው። የሮክ ጊታሪስቶች ከአሜሪካ ብሉዝ ወርሰው ሶሎ የሚጫወቱባቸው አምስት ድምፆች በእኛ ሙዚቀኞች ዘንድ ባቲ ማይነር ከሚባለው ጋር አንድ ናቸው። ልዩነቱ የሚበረታው በምቱ ላይ ነው። ጭክጭካ በስድስት ይቆጠራል፣ ትከሻና ወገብ ይጠራል፤ ሮክ በአራት ይቆጠራል፣ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ይመታል። በስድስት የለመደ ሰውነት በአራቱ ላይ መጀመሪያ ይደነቃቀፋል። ልምምዱ የጥቂት ቀን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ማቋረጥ ግን ውጤቱን አስተማማኝ ያደርገዋል።

ዘመኑን መርሳትም አለ። ሰው አጥብቆ የሚወደው ብዙውን ጊዜ በጉርምስናው የሰማውን ነው። «ሬዲዮ ኢትዮጵያ» በጥቅምት 1976 ወጣ። ዓመት ሳይሞላው የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ያዘ፤ በመስከረም 1977 ጅጅጋ ወደቀች፤ እስከ 1978 መጀመሪያ ድረስ በሐረር ዙሪያ ውጊያ ነበር። በኒው ዮርክ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የጊታር ጩኸት እንደ ነፃነት ሲሰማው፣ በሐረር እኩያው የሚሰማው ጩኸት የመድፍ ነበር። ለዚህ ትውልድ የፍቅርና የወጣትነት ድምፅ ጥላሁን ገሠሠ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ከሁሉም ይልቅ የምሥራቁ ልጅ አሊ ቢራ ነው። አሊ በ1947 ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚያው በተቋቋመው በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን አድጎ፣ በኦሮምኛም በሐረሪም የዘፈነ፣ ዑድም ጊታርም የተጫወተ ሰው ነው። በ2022 ሲሞት ያለቀሱለት ሰዎች ከራሳቸው ወጣትነት ጋር ነው ያለቀሱት። እነዚህን የስልሳና የሰባ ዓመት ሰዎች ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ስለ ዉድስቶክ የሮክ ፌስቲቫል ትዝታ እንዲኖራቸው ቢጠይቃቸው፣ ያልኖሩትን እንዲያስታውሱ መጠየቁ ነው።

በዚህ መመሪያ ለመጽናት የሚፈልግ ሰው አንድ ሥራ እጁ እንዳይገባ መጠንቀቅ አለበት። በ2019 ሳውንድዎክ ኮሌክቲቭ የሚባለው የድምፅ ጠቢባን ስብስብ ከፓቲ ስሚዝ ጋር «ማመር ላቭ» የተባለ አልበም አወጣ። መነሻው እንደገና ራምቦ ነው፤ በዚህኛው ግን ሐረር በስም ብቻ አልቀረችም። የሼህ ኢብራሂም የሱፊ ቡድን ዝማሬ ሐረር ላይ ተቀድቶ ገብቶበታል፤ ሙላቱ አስታጥቄና ፊሊፕ ግላስም አሉበት። ፓቲ ስሚዝ በዕድሜ በጎረነነ ድምፅ የገጣሚውን ቃል ስታነብ፣ ከሥሯ የሚሰማው አንድ የሐረር ልጅ ከሕፃንነቱ የሚያውቀው ዓይነት ዝማሬ ነው። ከዚህ የጀመረ አድማጭ ድምጿን ይለምዳል፤ ድምጿን ከለመደ በኋላ ወደ 1976ቱ ጩኸት ሲመለስ ማን እየጮኸ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ስህተቱ እንዲሰምር ቅደም ተከተሉ መገልበጥ፣ መጀመሪያም ከባዱን ማሰማት ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ስህተት ጉዳዩን የሰው መመዘኛ ማድረግ ነው። ሙዚቃውን የሚወደው «ጆሮ የለህም» ይላል፤ ያኛውም «የሰለጠንክ መስለህ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ዘፈኑ መሐል ላይ ተረስቶ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ ውጭ ግን ሌላ አድማጭ አለ። ስሙ ከየት እንደመጣ ጠይቋል፤ በጥሩ ስፒከር፣ ከሚወደው ሰው ጋር ተቀምጦ ደጋግሞ ሰምቷል፤ ምቱንም ለምዶታል። ከዚያም በኋላ ሙዚቃው ልቡን አልነካውም፤ ወደ አሊ ቢራ ካሴቱ ተመልሷል። ይህ ሰው የጎደለው ነገር የለም፤ መመሪያውም እሱን አይመለከተውም።