ትናንት እንመጣለን

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ ሽሮ ሜዳ የደረሰ ሰው ሁለት ዓይነት ባለሙያ ያገኛል። አንደኞቹ ነጠላውንና ቀሚሱን ያስዋቡት ጥበበኞች ናቸው። ስለ እነሱ ብዙ ተብሏል። ሌሎቹ ግን የአሜሪካ ኤምባሲን ጎረቤት አድርገው «ዲቪ እንሞላለን፣ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ እንጽፋለን» የሚል ወረቀት የለጠፉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ትናንትን፣ ዛሬንና ነገን አንድ ላይ አስታርቀው በአንድ አንቀጽ ሲያኖሩ እስከ ዛሬ ያመሰገናቸው የለም።

ባሏ ባሕር ማዶ ያለ አንዲት ልጅ ፍቅራቸው የእውነት መሆኑን የሚያስረዳ ደብዳቤ አስጻፈች እንበል። ውጤቱ ይህን ይመስላል፦ «ዊ ሚት ኢን 2019። ሂ ኢዝ ላቪንግ ሚ። ዊ ዊል ሜሪድ ኢን 2016።» 2019 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 2016 በእኛ። ቆንስሉ የሚያነበው ግን ሁለቱንም በራሱ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ጥንዶቹ ከመተዋወቃቸው ሦስት ዓመት ቀድመው ወደፊት ተጋብተዋል። ሌላው ዓለም ገና በልብ ወለድ የሚመኘውን የጊዜ ጉዞ፣ እኛ በጥቂት ብር፣ ያውም ከነፎቶ ኮፒው እናስጨርሳለን።

ደግሞስ ማን ነው አልተማሩም የሚለን? ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ታሪኩም በእሱ ነው። የትኛውንም ተማሪ ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ፓስት ፐርፌክት በሉት፤ ዓይኑን ሳይገልጥ «ሃድ ፕላስ ቪ ስሪ» ይላችኋል። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያለ በዜማ ያደገ ልጅ ነው። ፈተና ሲመጣም ከአራቱ ፊደል አንዱን ያጠቁራል። አንቀጽ ጻፍ ያለው የለም፤ ቢጽፍስ፣ ክፍሉን የሞላውን ተማሪ ደብተር አንድ በአንድ የሚያርም መምህር ከየት ይምጣ? የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ። ጥያቄው በየትኛው ቋንቋ ቀርቦላቸው እንደነበር ለማሰብ ግን ድንጋጤው ጊዜ አልሰጠንም።

እርግጥ አማርኛም እጁ አለበት። «ተነሥቼ፣ ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ ወጣሁ» ስንል፣ ሦስቱ ግሦች መቼ እንደሆኑ የሚነግራቸው መጨረሻ ላይ የቆመው «ወጣሁ» ነው። እሱን «እወጣለሁ» ብታደርጉት መታጠቡም ቁርሱም ተከታትለው ወደ ነገ ይዛወራሉ። እንግሊዝኛ ይህን መተማመን አያውቅም፤ እያንዳንዱ ግሥ የራሱን ጊዜ ተሸክሞ ይቁም ይላል። እኛ ደግሞ በየቀኑ የሚመጣውንም ነገ የሚመጣውንም በአንድ «ይመጣል» የምንገላገል ሕዝብ ነን፤ አስተናጋጁም «መጣሁ!» የሚለን ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ ነው። እንዲህ ባለ ነጻነት ያደገ ሰው «ዲድ ኖት ዌንት» ብሎ ቢጽፍ ምን ይገርማል? አንድ ኃላፊ ጊዜ ይጠፋብኛል ብሎ መጠባበቂያ ማስቀመጡ ነው።

ይህ ሁሉ ግን የጀማሪ ሥራ ነው። የተራቀቀው ጥበብ የሚገኘው ቁልቁል ወርዶ ወደ ቢሮዎቹ የገባ ሰው ዘንድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው ይላል፤ በነጋሪት ጋዜጣም የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ቢጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊውም አለቃውም አንባቢውም በአማርኛ የሚጣሉበት የፕሮጀክት ቢሮ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ይጽፋል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የአምናው ዕቅድ ይከፈታል፣ «ዊል» የሚለው ቃል እየተለቀመ ይጠፋል፣ ሽፋኑ ይለወጣል። ለቃሚው ሲደክመው ጥቂት «ዊል» ያመልጡታል። በዚህ የተነሣ ገጽ 4 ላይ ሴቶች ባለፈው ሰኔ ይሠለጥናሉ፤ ገጽ 9 ላይ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ እየተቆፈረና ሊቆፈር ነው።

የሽሮ ሜዳው ጸሐፊ ቢሳሳት ባያውቅ ነው። የቢሮውንም ሰው አያውቅም ብዬ እንዳልፈው ብዙ ሞክሬ ነበር። ዳሩ ግን እውነት ባያውቅ ኖሮ፣ ስሕተቱ አንዳንድ ጊዜ እንኳ በራሱ ላይ ይወድቅ ነበር። ወጪ የተጻፈበትን ሰንጠረዥ ተመልከቱ፦ አበል ተከፍሏል፣ ነዳጅ ተሞልቷል፣ አዳራሽ ተከራይቷል፤ ሁሉም የማያወላዳ ኃላፊ ጊዜ ነው፣ አንድ «ዊል» አታገኙበትም። ትንቢት የሚጀምረው ሥራው የተጻፈበት ገጽ ላይ ስትደርሱ ነው።

ልጅቷ የቀጠሮዋ ቀን ከመስታወቱ ፊት ቆማ «መጀመሪያ የተገናኛችሁት መቼ ነው? የተጋባችሁትስ?» ተብላ ትጠየቃለች፤ በአንድ «ዊል» ምክንያትም ወረቀቷን ይዛ ልትመለስ ትችላለች። ሪፖርቱ ግን ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ውስጥ ገብቷል። ኦዲትም ይደረጋል ተብሏል፤ ባለፈው ሰኔ።