ከመቶ መቶ

ስቶክሆልም ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በመጨረሻው ዓመት የራሱን ጥናት ሠርቶ ካላለፈ ዲፕሎማ የለውም። ስዊድኖች «ዪምናሲየአርቤቴ» ይሉታል፤ ከጠቅላላው የትምህርት ነጥብ 100ውን ይይዛል። ውጤቱ ሁለት ብቻ ነው፦ «ኢ» ካለፉ፣ «ኤፍ» ከወደቁ። «ኤ» የሚባል የለም።

ይህ ለሐበሻ ወላጅ የሚዋጥ አይደለም። ልጁን ከሰው ልጅ በምን ያወዳድር?

የጥናቱ ርዕስ «ስልክ ወጣቶችን እንዴት እንቅልፍ ይነሳል?» ነው እንበል። መጠይቁ ለክፍል ጓደኞች በስልክ ይላካል፤ መልሱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይመጣል፤ ጥናቱም በዚያው ተረጋገጠ ማለት ነው።

ሪንከቢ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ያለች እናት ልጇን ትጠይቃለች።

«ስንተኛ ወጣሽ?»

«እማዬ፣ ደረጃ የለውም።»

«ታዲያ ስንት አገኘሽ?»

«መቶ ነጥብ።»

እልልታው ቀለጠ! በማኅበሩ ዕለት «ልጄ ከመቶ መቶ ደፈነች» ተብሎ ይወራል። ጎን የተቀመጡት እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ይሸፍናሉ፤ የእሳቸውም ልጅ መቶ ነው፣ ያለፈ ሁሉ መቶ ነው።

ባለታክሲው አባቷ ግን አርቆ አሳቢ ነው፦ «ኖቤል የሚሰጠው እዚሁ ከተማ አይደል? ስለ ትራንስፖርት አታስቢ፣ እኔ አደርስሻለሁ።»