ባለቤት ያጣ ጭስ ማውጫ

እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ግቢያችን በጭስ ይታፈናል። የማድ ቤቱን በር ወለል አድርጎ መክፈት፣ በአክንባሎው ማራገብ፣ ዓይንን በነጠላ ጫፍ መጥረግ፣ ከዚያም ጭሱ ወደየቤቱ ገብቶ የልጆቹን ዩኒፎርም ሲያጥነው እያዩ ዝም ማለት ነው። ጭስ ማውጫው እዚያው ግድግዳው ላይ ተተክሏል፤ ቀና ብሎ የሚያየው ግን የለም። ደክሞኛል። የደከመኝ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩም አውቃለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አራት አምስት ቤተሰብ በአንድ ማድ ቤት የሚጋግርበት የኪራይ ግቢ ሁሉ ወሬው ይኸው ነው።

ቱቦው የማን ነው? አከራይ «የምትጠቀሙበት እናንተ፣ የምታጨሱት እናንተ» ይላሉ። ተከራይ ደግሞ «ነገ ለቅቄ ለምወጣበት ቤት ምን ቤት ነኝ» ይላል። የመብራቱንና የውሃውን ቢል እስከ ሳንቲሟ እንካፈላለን፤ ግቢ የሚጠረግበት ተራ አለን፤ ሽንት ቤቱ ሲሞላ ለመኪና እናዋጣለን። ጭስ ማውጫ ግን ከመዋጮውም ከተራውም ውጭ ነው። ኮንዶሚኒየም የገቡትም ቢሆኑ አልተገላገሉም። ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለእንጀራ መጋገሪያ ተብለው የተሠሩት የጋራ ቤቶች ስንቱ ቦታ ለሌላ ሥራ ውለዋል፤ ለመጋገሪያነት የቀሩትንም ግድግዳቸውን ማየት ይበቃል፣ እስከ ጣሪያው ጠቁሯል።

የሳር ክዳን ማድ ቤት ጭስ ማውጫ አያስፈልገውም ነበር። ጭሱ በሳሩ መሀል እየተጣራ ይወጣል፤ እግረ መንገዱንም ተባዩን ያባርራል። ቆርቆሮ መጣና ጣሪያው ተደፈነ። ያው ጉልቻ ቆርቆሮ ሥር ተጎለተ፤ ጭሱም መውጫ ሲያጣ ወራጁን ሁሉ ጥቀርሻ አለበሰው። ቆርቆሮ የለበሰ ማድ ቤት ያለ ጭስ ማውጫ ሰው ሊውልበት አይገባም። ይህን የማያውቅ ቤት ሠሪ የለም፤ ሆኖም ገንዘብ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው፤ ከተሠራም ከተራረፈ ላሜራ ነው።

የእኛ የተሠራ ዕለት ቆሜ አይቻለሁ። አሸንዳ ሠሪው ክንድ የማታህል ጠባብ ቱቦ ጠቅልሎ፣ ሁለት ቦታ በቀጤ ማዕዘን አጥፎ በግድግዳው አወጣት።

«ወንድሜ፣ ትንሽ ሰፋ ብታደርገውስ? ከጣሪያውም ከፍ ይበል እንጂ» አልኩት።

«እህቴ፣ ላሜራው የተገዛው ለዚህችው ነው» አለኝ።

እሱን አልወቅስም፤ በተሰጠው ልክ ሠራ። ነገር ግን ጭስ የሚወጣው ስለሞቀና ስለቀለለ ብቻ ነው። ቱቦው ከጠበበ፣ ከታጠፈና ካጠረ ጭሱ ይዘገያል፣ መንገድ ላይም ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ጭስ ደግሞ አይወጣም፣ ያዘለውን ርጥበትና ቅባት በቱቦው ግድግዳ ላይ ያራግፋል። 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ቀጥ ብሎ የወጣ፣ ከጣሪያው አናት ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ቱቦ ቢሆን ነፋስ ጭሱን መልሶ አይደፋብንም ነበር። መታጠፉ ግድ ከሆነም ገደድ ብሎ እንጂ በቀጤ ማዕዘን መሰበር የለበትም። የተጨማሪው ላሜራ ዋጋ ለአንድ ወር የምንገዛውን እንጨት አያህልም።

ባለፈው ጭሱ ጨርሶ አልወጣ ሲል ቱቦውን አወረድነው። ከውጭ በጣት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ቆርቆሮ አይጮህም፤ ድፍን ድምፅ ነው የሚሰጠው። እጥፉ ላይ ሲከፈት ውስጡ ሁለት ዓይነት ጥላሸት ነበረው፤ ላይ ላዩ ሲነኩት የሚረግፍ ዱቄት፣ ከሥሩ ደግሞ ሬንጅ የመሰለ፣ በቢላ እንኳ የማይላቀቅ ጥቁር ቅርፊት። አንድ ጣት የማያስገባ ቀዳዳ ነው የቀረው። ጫፉ ላይ ወፍ ጭራሮና ሳር ጎዝጉዛ ጎጆ ሠርታለች። ከጎጆው በታች የተጠቀጠቀ ጨርቅ አገኘን፤ ክረምት ላይ ዝናብ እንዳይገባ ብሎ የወተፈው ሰው ሳይነቅለው ግቢውን ለቅቆ ሄዷል። ስንት ወር ሙሉ የዚያን ሰው ጨርቅ ነው ስናጨስ የኖርነው።

ያ ቅርፊት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነው ያመጣው። ገና ከተቆረጠ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ እሳቱ ጉልበቱን ውኃውን በማትነን ይጨርስና ጭሱ ቀዝቃዛና ቅባታም ይሆናል። በደንብ የደረቀ የሚባለው ርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የወረደው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ተፈልጦ፣ ዝናብ ከማያገኘው ቦታ ወራት መቀመጥ አለበት። ግቢያችን ውስጥ እንጨት የሚከመርበት ጥላ የለም፤ የተገዛው በዚያው ቀን ይነዳል። አልያዝ ሲል ፌስታል ይጨመርበታል። ይህን ነገር ስንቴ ለመንኩ! የፌስታል ጭስ መርዝ ነው፤ እንጀራውም ይሸታል፣ የልጅ ሳልም ያመጣል። «እሳቱን ለማስያዝ ያህል ነው» ይሉኛል፤ ይነዳል።

ተሰብስበን ምርጥ ምድጃ ስናስገባ ተስፋ አድርጌ ነበር። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተሠራ፣ ዙሪያው የተከበበ፣ ሦስት ጉልቻ ከሚበላው እንጨት እስከ ግማሽ የሚያተርፍ ደህና ምድጃ ነው። ቱቦው ከተደፈነ ግን ጭሱ የት ይሂድ? በእንጨት ማስገቢያው በኩል ተመልሶ የምትጋግረው ሴት ፊት ላይ ነው የሚወጣው። የማገዶ መግቢያውን አመድ ሲሞላውም እንዲሁ ነው፤ ከሥር አየር ካልገባ ከላይ ጭስ አይወጣም።

ማጽዳቱ ይህን ያህል ከባድ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ቱቦውን ማውረድ፣ ሜዳ ላይ አጋድሞ በእንጨት መታ መታ ማድረግ፣ ረጅም ሸንበቆ ጫፍ ላይ ጆንያ ጠቅልሎ ወዲያ ወዲህ መጎተት፤ አፍና አፍንጫን መሸፈን ብቻ አይረሳ። በብሎኬት ተገንብቶ ለማይወርደው ደግሞ ድንጋይ የታሰረበት ጆንያ በገመድ ከላይ መልቀቅ ነው። መጽዳቱን ለማወቅ ከሥር መስተዋት ይዞ ሰማዩ መታየቱን ማየት ይበቃል። ውኃ ባይደፋበት ይሻላል፤ ጥላሸትና ውኃ ሲገናኙ ላሜራውን ይበሉታል። ጫፉ ላይ ዝናብ የሚከልል ቆብና ወፍ የማያስገባ የሽቦ መረብ ይደረግ፤ መረቡ ግን ዓይኑ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ደቃቅ ከሆነ ራሱ በጥላሸት ይደፈናል። በዓመት ሁለቴ፣ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባና ጥቅምት ላይ ከወጣ በኋላ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያን ግማሽ ቀን የሚሰጥ ነው የታጣው።

«አሁን ሁሉም በኤሌክትሪክ ምጣድ ነው» የሚሉኝ አሉ። ምጣዱ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል፤ በጋራ ቆጣሪ አንዱ ሲጋግር ሌላው ቤት ይጠፋል፣ ለበዓል ዋዜማ ደግሞ መስመሩ ራሱ ይወድቃል። ሊጥ የቦካለት ሰው መብራት አይጠብቅም፤ ወደ ማገዶው ይመለሳል፣ ያን ጊዜ ቱቦው ከነድፍኑ ይጠብቀዋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ሁሉ እንደ ተራ ምቾት ማጣት መታየቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብቻ ከቤት ውስጥ አየር ብክለት ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይናገራል፤ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ቅርፊቱ ራሱ ቱቦው ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል፤ አጠገቡ ኮርኒስ ካለ ቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ጭሱን ሸሽተው ከሰል ወደ መኝታ ቤት የሚያስገቡም አሉ፤ ከሰል አይጨስም፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም አይታይም፣ አይሸትም፤ በር ተዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ሳይነሳ ይቀራል።

ግንቦት እየገባ ነው። ለቱቦው መዋጮ ብዬ በየቤቱ ዞርኩ፤ ሁለቱ ሰጡ፣ አንዷ «ወር ሲወጣ» አለች፣ አንዱ ቤቱ ማን እንደሚጋግር እንኳ እንደማያውቅ ነገረኝ። አከራያችን የአጥሩን በር ሰማያዊ ቀለም እያስቀቡ ነው። መሰላል አላቸው፤ እሱን እንዲያውሱኝ ነው አሁን የምለምናቸው።