አድራሻዬ ደቡብ ዳኮታ፣ እኔ አሪዞና

ኳርትዝሳይት፣ አሪዞና
ጥር ወር

ይድረስ ለተወደዱ እኅቴ ለእትዬ፣



ትንሿ ልጅዎ በስልክ እንደነገረችኝ፣ ደሴ ላይ «ያ አሜሪካ ያለው ወንድማቸው ቤት አጥቶ መኪና ውስጥ ነው አሉ የሚያድረው» ተብሎ ተወርቷል። እርስዎም አልቅሰው ለግሸን ማርያም ጃንጥላ ተስለውልኛል። ጃንጥላው ይግባ፤ ስለት አይታጠፍም። ለቅሶው ግን ይቅር። እኔና ባለቤቴ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የነበረችንን ቤት ሸጥናት እንጂ አልተነጠቅንም። የምናድርበትም አር ቪ የሚሉት መኪና ነው፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሻወርና ሽንት ቤት አለው። እርስዎ የላኩልን ረከቦት እንኳ ቦታ አግኝቷል፤ መኪናው ሲነሳ ሲኒዎቹ በፎጣ ተጠቅልለው የዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ይተኛሉ። ዕድሜዬን ሙሉ በታክሲ ሰውን እየቤቱ ሳደርስ ኖሬ፣ በጡረታዬ ቤቴን ራሱን እየነዳሁ ነው። ብቻችንንም አይደለንም። ሰሜኑ በበረዶ ሲቀበር የአሜሪካ ጡረተኛ ቤቱን እየነዳ ወደዚህ በረሃ ይወርዳል፤ 180 ዶላር የከፈለ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ የመንግሥት መሬት ላይ ይቀመጣል።

መኝታና ምግብ አላስቸገረንም። ፍዳችንን የሚያሳዩን ፖስታና ሐኪም ናቸው።

እዚህ አገር ያለ ቤት መኖር ይቻላል፤ ያለ አድራሻ ግን አይቻልም። መንጃ ፈቃዱ፣ ግብሩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ምርጫው ሁሉ አድራሻ አምጣ ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ፖስታ ሲያቋቁሙ ነገሩ እዚህ እንደሚደርስ ቢያውቁ ኖሮ መልእክተኛ ይበቃናል ባሉ ነበር። ደግነቱ ለኛ ዓይነቱ ዘላን የሚያመቹ ሦስት ክፍለ ግዛቶች አሉ፤ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ደቡብ ዳኮታ። ሦስቱም የራሳቸውን የገቢ ግብር አያስከፍሉም። እኛ ደቡብ ዳኮታን መረጥን። እዚያ የፖስታ ተቀባይ ድርጅት አድራሻ ይዞ፣ አንድ ሌሊት አድሮ፣ ያደረበትን ደረሰኝ ያሳየ ሰው ነዋሪ ነኝ ብሎ ፈርሞ መንጃ ፈቃድ ይወስዳል። እርስዎ የቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ ስንቴ «ነገ ይመለሱ» ተብለዋል? እኛ ሱ ፎልስ ገብተን አደርን፣ ጧት ደረሰኛችንን ይዘን ሄድን፣ ዳኮታዊ ሆነን ወጣን።

ድርጅቱ በስማችን ደብዳቤ እንዲቀበል ቅጽ 1583 የሚባለውን ሞልተን፣ ሁለት ሁለት መታወቂያ ይዘን፣ ኖታሪ ፊት ፈረምን። ኖታሪ ማለት የኛው ውልና ማስረጃ ነው፤ ልዩነቱ ወረፋ የለውም። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የፖስታውን ፎቶ በስልኬ ይልኩልኛል። ይከፈትና ይነበብልኝ፣ ወይም ባለሁበት ይላክልኝ፣ ወይም ይቀደድ እላለሁ። እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሥልጣን ኖሮኝ አያውቅም! የጆሮ ማዳመጫ ሻጩን፣ የቀብር ኢንሹራንስ ሻጩን፣ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ አሸንፈዋል» ባዩን ሁሉ ቡናዬን እየጠጣሁ አስቀድዳቸዋለሁ።

ባንኩ ግን አላመነንም። የአንድ ባንክ ሠራተኛ ደውላ «ይህ አድራሻ የንግድ ቤት ነው፤ እኛ የምንፈልገው የሚኖሩበትን ነው» አለችኝ።

«የምኖረው መኪናዬ ውስጥ ነው» አልኳት።

«ማታ የት ነው የሚተኙት?»

«አልጋዬ ላይ።»

«አልጋዎ የት ነው ያለው?»

«ከሹፌሩ ወንበር በስተጀርባ።»

ልጅቷ ዝም አለች። አልፈርድባትም፤ የደንበኛን መኖሪያ መዝግቡ የሚል ሕግ አለባቸው፣ ኮምፒውተሯ ላይ ደግሞ «ከወንበሩ በስተጀርባ» የሚል ሳጥን የለም። በመጨረሻ ለገና ስንሄድ የምናድርባትን የልጃችንን የሜሪላንድ ቤት ሰጠናት። እንግዲህ በወረቀት ደቡብ ዳኮታም ሜሪላንድም ነኝ፤ በሥጋ አሪዞና።

የግድ በእጅ የሚያስፈልገው ወረቀት ሲኖር በጄኔራል ዴሊቨሪ ያልኩበት ከተማ ይላክልኛል። ፖስታ ቤቱ በነፃ እስከ 30 ቀን ያቆያል፤ መታወቂያ አሳይቶ መውሰድ ነው። በአንዲት የበረሃ ከተማ ወረፋ ጠብቄ መስኮቱ ጋ ደረስኩና ስሜን ከነአባቴ ነገርኳት። ሠራተኛዋ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ ዝቅ አድርጋ፣ በካርቶን የታጨቀውን ፖስታ በጣቷ ገለበጠች፤ የለም። ደግማ ገለበጠች፤ የለም። መንጃ ፈቃዴን ተቀብላ ስታይ ግን የመጨረሻው ስም የአያታችን ነው። «ኦ፣ እሳቸው እኮ ሦስት ደብዳቤ አላቸው!» ብላ ሰጠችኝ። ወረኢሉ ላይ በሬ ሲጠምዱ ኖረው አንድ ደብዳቤ ሳይደርሳቸው ያለፉት አያታችን፣ በአሪዞና በረሃ ደንበኛ ሆኑ።

የሐኪሙ ጣጣ ከዚህ ይብሳል። እኔስ 65 አልፌያለሁ፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 የፈረሙት ሜዲኬር አለኝ። ነባሩን ሜዲኬር የያዘ ሰው ካርዱን የሚቀበል ሐኪም እስካገኘ ድረስ የትኛውም ክፍለ ግዛት ይታከማል። ቴሌቪዥኑ ቀን ከሌት የሚለፍፍለት ሜዲኬር አድቫንቴጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካንድ አካባቢ ሐኪሞች ጋር ያስራል፤ ጥርስም መነጽርም እንጨምርልዎ ብለው ሲያባብሉኝ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው። ባለቤቴ ግን ገና 65 አልሞላትም። የሷ ኢንሹራንስ የተገዛው በደቡብ ዳኮታው አድራሻ ስለሆነ፣ ከዚያ አካባቢ ውጭ የሚከፍለው ለድንገተኛ ሕመም ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበቷን የሚያማት ከሆነ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ እዚያ ስንከርም ይመማት። በጥር ከሆነ ሞት አፋፍ መድረስ አለባት። ማታ ማታ ጉልበቷን እያሸሁላት «ይሄ አሁን ድንገተኛ ነው፣ አይደለም?» እየተባባልን እንከራከራለን።

በስልክ መታከምስ ይሉኝ ይሆናል። ሐኪሙ በሽተኛው በዚያች ሰዓት በተቀመጠበት ክፍለ ግዛት የመሥራት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ጎረቤታችን ሐኪማቸው የካሊፎርኒያ ነው። ቀጠሯቸው ሲደርስ መኪና አስነስተው የኮሎራዶን ወንዝ ይሻገሩና፣ ብላይዝ የምትባል ከተማ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ቆመው፣ ስለ ሆድ ድርቀታቸው በስልክ አውርተው ይመለሳሉ።

እኚሁ ጎረቤት አንድ ሌሊት ደረታቸውን ያዛቸው። ሚስትየው 911 ደወለች። «አድራሻ?» ሲሏት «ከትልቁ ቁልቋል አለፍ ብሎ» አለች። በረሃው ሁሉ ቁልቋል ነው! ባለቤቴ ስልኩን ነጥቃ ከካርታው ላይ የቦታውን ቁጥር አነበበችላቸውና መጡ፤ 35 ማይል ርቆ ፓርከር ያለው ሆስፒታል ወሰዷቸው። ጋዝ ሆኖ ተገኘ። የአምቡላንሱ ሂሳብ ሲመጣ ግን ደረታቸውን የምር ያዛቸው። ድንገተኛ ታካሚ ባላሰበው ሂሳብ እንዳይመታ የሚከላከል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ውሏል፤ በየብስ የሚሄደውን አምቡላንስ ግን አይነካም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍሪጃችን በር ላይ ሁለት ወረቀት ተለጥፏል፤ አንዱ የቆምንበት ቦታ ቁጥር፣ ሌላው የምንውጠው መድኃኒት ስምና መጠን።

የደም ግፊት ክኒኔን አምሎዲፒንን የምወስደው በየከተማው ቅርንጫፍ ካለው መድኃኒት ቤት ነው። ቨርጂኒያ የተጻፈልኝ ማዘዣ ኒው ሜክሲኮ ኮምፒውተር ላይ ይታያል፤ ባንድ ጊዜም የ90 ቀን ይሰጡኛል። ነባሩ ሜዲኬር ጥርስ ማስሞላትንና መንቀልን ስለማይሸፍን፣ ለሱ እንደ ጎረቤቶቻችን ፓስፖርታችንን ይዘን ከዩማ አጠገብ ድንበሩን በእግር እንሻገራለን። ሎስ አልጎዶኔስ የምትባል የሜክሲኮ ከተማ አለች፤ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ የጥርስ ሐኪም ናት። መንገድ ላይ ቆመው «ጥርስ! ጥርስ!» እያሉ ይጠሩዎታል፤ የደሴ አውቶቡስ ተራ ረዳት እንኳ እንዲህ አይጣራም። የነቃነቀኝን መንጋጋ እዚያ አስነቀልኩ።

እንግዲህ ደብዳቤ ሲጽፉልኝ በደቡብ ዳኮታው አድራሻ ይሁን፤ የሳጥኑ ቁጥር እንዳይቀር፣ የአያታችንም ስም በጉልህ ይጻፍ። በርበሬ የሚልኩልን ከሆነ ግን በፖስታ እንዳይሰዱት፤ ወደ ሜሪላንድ የሚመጣ ሰው ካለ ለልጃችን ያድርስልን።

በሚመጣው መስከረም ለግሸን ክብረ በዓል ካገኘሁዎት ጃንጥላውን አብረን እናስገባለን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ፤ ሜዲኬር ከአሜሪካ ከወጣሁ በኋላ አያውቀኝም፣ ስለዚህ እባክዎ ጥሬ ሥጋ አያቅርቡልኝ።

ወንድምዎ