የጉም ቅናሽ

ሰኔ ግም ካለ በኋላ ደባርቅ ከጭቃና ከጉም ሌላ ለእንግዳ የምታሳየው ብዙ የላትም። ከጎንደር በስተሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደገኛ ከተማ ናት። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲለቀቅ የመንገዱ ዳርና ዳር ወንዝ ይሆናል፤ ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል ተነስቶ እስከ ቡና ቤቶቹ በረንዳ ድረስ ዘልቆ ይገባል። ልብ ያለው ሰው በዚህ ወቅት የትም አይሄድም፤ የጥንቶቹ ነገሥታት እንኳ ዘመቻቸውን አቋርጠው የሚከርሙበት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ ነገሥታቱ ያልደፈሩትን የሚደፍር አንድ ዓይነት መንገደኛ አለ። ጀርባው ላይ ከቁመቱ የሚስተካከል ቦርሳ አዝሏል፤ ውሃ አያስገባም ተብሎ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር የተገዛ ጃኬት ለብሷል። ከቦርሳውም ከጃኬቱም በላይ ግን አጥብቆ የያዘው አንድ መብት ነው፦ ክረምት ስለሆነ ቅናሽ ይገባኛል ይላል።

ሙግቱ የተጣራ ስለሆነ ልንንቀው አይገባም። መንገደኛው የመጣው የሰሜን ተራሮችን ለማየት ነው፤ ተራሮቹን ግን ጉም ሸፍኗቸዋል። ሳንቃ በርን አልፎ፣ ግጭ አድሮ፣ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ 3,926 ሜትር ድረስ አቀበቱን ከወጣ በኋላ ፊቱ የቆመው ነጭ ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ገደል እንዳለ የሚነግረው አስጎብኚው ብቻ ነው፤ አስጎብኚውም ቢሆን የሚነግረው ከትዝታው ነው። ስለዚህ ዕቃው ጎድሎ ተገኝቷል፣ ጎደሎ ዕቃ ደግሞ ሙሉ ዋጋ አያወጣም። ነገሩን ያባሰው ደግሞ የኛው ቃል ነው። የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ ከአሥራ ሦስቱ ወራት ሦስቱን ዝናብ እንደሚወስዳቸው በግርጌ አላስጻፉም። መንገደኛው ቃል የተገባለትን ፀሐይ አላገኘም፤ ካሳ ይፈልጋል። እስከዚህ ድረስ ፍርድ ቤትም ይረታል። ችግሩ ካሳውን የሚጠይቀው መፈክሩን ካወጣው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ጓዙን ከሚጭንለት ባለበቅሎ መሆኑ ነው።

እስቲ ተከሳሹን እንየው። ባለበቅሎው ገበሬ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ገብሱ የሚታረምበት፣ ከብቱ ከሰው ማሳ የሚጠበቅበት፣ አንድ የሥራ ቀን ከየትኛውም ወር የሥራ ቀን ይልቅ የሚከብድበት ጊዜ ነው። ማሳውን ጥሎ ከእንግዳ ጋር አራት ቀን ተራራ ለተራራ ሲዞር አረሙ አይጠብቀውም። መንገዱም በጥር የሚያውቀው መንገድ አይደለም፤ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ በጥር ጫማ ሳያርስ የሚሻገረው ጅረት ጉልበት ድረስ ሞልቷል፣ በቅሎዋ ስትንሸራተት ጭነቱን ይዛ ትወድቃለች። እግሩ ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ ነው፤ ትከሻው ላይ ገሳ ወይም ላስቲክ ጣል አድርጓል። ሌሊት በረዶ ቀላቅሎ ሲዘንብ መንገደኛው ድንኳኑን ዘግቶ የብርዱን ታሪክ በማስታወሻው ላይ ይጽፋል፤ ባለበቅሎው ያንኑ ብርድ በእርጥብ ጋቢ ተጠቅልሎ ያሳልፈዋል። እንግዲህ ሥራው ሲበዛ፣ አደጋው ሲጨምር፣ የቀረበት የእርሻ ቀን ዋጋ ሲወደድ ክፍያው መቀነስ አለበት የሚል የምጣኔ ሀብት ትምህርት የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚሰጥ ቢነገረን ልጆቻችንን እንልክ ነበር። መንገደኛው በአገሩ ዝናብ ሲጥል በስልኩ የሚጠራው ታክሲ ዋጋውን ይጨምርበታል፤ «ዝናብ ስለሆነና መንገዱ ስለማይታየኝ ቀንሱልኝ» ብሎ ሲከራከር ግን ተሰምቶ አይታወቅም። ይከፍላል፤ በሩንም ቀስ አድርጎ ይዘጋል።

ወደ ቦርሳው እንመለስ፤ የዚህ ሃይማኖት ታቦት እሱ ነውና። የጀርባ ቦርሳ ፍልስፍና ሰው ራሱን ችሎ፣ ቀለል ብሎ፣ በማንም ላይ ሳይጫን ዓለምን ይዙር የሚል ነው። ያማረ ነገር ነው። የሰሜን ተራሮች አየር ግን ስስ ስለሆነ ፍልስፍናው ከ3,000 ሜትር በላይ ብዙ አይዘልቅም፤ ቦርሳው እዚያ ላይ ጌታ ይቀይርና በቅሎ ጀርባ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ራሱን የቻለው ሰው እንዲህ ሆኖ ይጓዛል፦ መሣሪያ የያዘ ስካውት ከፊት አለ፣ የፓርኩ ሕግ ያለሱ አያስገባምና፤ አስጎብኚው አጠገቡ ነው፤ ምግብ አብሳዩ ድስቱን ይዞ ቀድሟል፤ ባለበቅሎው ከኋላ ይከተላል። ራስ ዳሽን 4,500 ሜትር አልፎ ጫፉ ላይ ሲደርስ ፎቶግራፉ ውስጥ የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ፎቶ አንሺ ናቸው። በዚህ ሁሉ መሃል ቅናሽ ያልተጠየቁት ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ፈረንጅኛ ስለማይሰሙ ይሆናል።

ዋናው የሚፈለገው ግን «ሰው ያልነካው» ነገር ነው። ይህ ፍለጋ ደባርቅ ላይ ሲደርስ አስገራሚ መልክ ይይዛል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆኖ ተመዘገበ፤ በ1996 ዋልያው እየመነመነ፣ እርሻና ግጦሹም እየሰፋ ነው ተብሎ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት በመቶዎች የሚቆጠሩ የግጭ መንደር አባወራዎች አባቶቻቸው ካረሱት መሬት ተነስተው ወደ ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። ዋልያውን ለማትረፍ ሌላ መንገድ ነበረ ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ እዚህ አንገባበትም። መንገደኛው ግን ግጭ ሜዳ ላይ ጅብራውን ተደግፎ «እንዴት ያለ ሰው ያልነካው ምድር ነው!» ሲል፣ ሰው ያልነካው የመሰለው ሰዉን ስላስነሱለት መሆኑን የሚነግረው የለም። ከተራራው ሲወርድ ደግሞ ፍላጎቱ ይገለበጥና «እውነተኛውን የአገሬው ሰው» ማግኘት ያምረዋል። ያገኘዋልም፤ የግጭ ሰው ደባርቅ ውስጥ የቀን ሥራ እየፈለገ ነው። በርካሽ ይስማማል።

መንገደኛው ጠበቃ አያጣም፤ ጠበቃውም የዋዛ አይደለም። ከአዲስ አበባ በላንድክሩዘር ተጭኖ የሚመጣው ባለጸጋ ጎብኚ ገንዘቡን ለአስጎብኚ ድርጅት ከፍሎ ጨርሷል፤ ደባርቅ ከሱ የምታገኘው የጎማ ጭቃ ነው። ባለቦርሳው ግን በፔንሲዮኑ ያድራል፣ ሽሮውን ከመንገድ ዳር ይበላል፣ ቡናውን ከጀበናዋ ባለቤት ይገዛል፤ ገንዘቡ ትንሽ ብትሆንም እዚያው ትቀራለች። ይህ እውነት ነው፣ ሊካድም አይገባም። ደባርቅ ሁለቱን አሰልፈው ምረጪ ቢሏት ባለቦርሳውን ብትመርጥ አይፈረድባትም። ነገር ግን ክርክሩ ትቀራለች ስለተባለችው ገንዘብ ከሆነ፣ እሷኑ ለማሳነስ ግማሽ ቀን የሚሟገት ሰው በእሷ ሊመሰገን አይችልም። አንዱን ይምረጥ፦ ወይ ለከተማዋ ገንዘብ የሚተው ቸር ነው፣ ወይ ደግሞ ለከተማዋ ትንሽ ገንዘብ በመተው የሚኮራ ብልህ ነው። ሁለቱንም ለመሆን ግን ያም ቅናሽ ይጠይቃል።

ማንም አላስገደደው፣ ባለበቅሎው ወዶ ተስማማ የሚልም አለ። በእርግጥ ወዷል። በነሐሴ ጎተራው ወደ ታች የወረደበት፣ አዲሱ እህል ገና ያልደረሰለት ሰው ብዙ ነገር ይወዳል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መጀመሪያ ወረርሽኙ፣ ከዚያ ጦርነቱ፣ ከዚያም ተከትሎ የመጣው ግጭት መንገዱን እየዘጉ ከተማዋን ከእንግዳ ስላራቆቷት፣ የተገኘውን ሁሉ መውደድ ግድ ሆኗል። «በዚህ አገር መከራከር ባህል ነው» የሚለው መከላከያ ግን ከሁሉም ይጥመናል፤ ባህላችንን እንዲህ በአንድ ጎኑ ብቻ የተማረልን ሰው የለምና። በደባርቅ ገበያ በዋጋ የሚከራከሩት ሁለት ሰዎች በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ይገናኛሉ፤ ሻጩ ገዢውን ያውቀዋል፣ ገዢውም የሻጩን ልጅ ክርስትና ያነሣ ሊሆን ይችላል፤ የዛሬውን ጉዳት የነገው ይክሰዋል። መንገደኛው ለነገ የለም። ደግሞም ልብ ብሎ ላየው የሚከራከረው ከሁሉም ጋር አይደለም። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት መስኮት ላይ ደረሰኝ ሲቆረጥለት ዝም ብሎ ይከፍላል። ለአውሮፕላን ትኬቱ ከፍሏል፣ ለቪዛውም ከፍሏል። ባህሉ ትዝ የሚለው ማህተም የሌለው ሰው ፊት ሲቆም ነው።

ነገሩ የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስልብን። የኛም ከተሜ ወጣት የሃይኪንግ ቡድን መሥርቶ፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት አሳትሞ በየተራራው መትመም ከጀመረ ሰንብቷል፤ እሱ እንዲያውም ቅናሹን «የወገን ዋጋ» ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ ወገንነቱም ሒሳብ ሲዘጋ ያበቃል። አገሩ ባዶ እጁን ለሚዞር መንገደኛ ደግሞ አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር በእግሩ ሲዞር ኖሯል። ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ የሰጡትን ይቀበላል፣ ካልሰጡት ያልፋል። መለመኑን አይደብቅም፤ ውሻ ሲያባርረውም ልዩ ገጠመኝ ገዛሁ አይልም። በሱ ዘንድ ሰጪው ሰጪ ሆኖ ይቀራል። የዘመኑ መንገደኛ ግን ምጽዋቱን ተቀብሎ ሲያበቃ ሰጪውን ባለዕዳ አድርጎት ይሄዳል፤ «መጥቼላችኋለሁ እኮ!»

እንግዲህ ሁሉንም የሚያስታርቅ አንድ ሐሳብ እናቅርብ። መንገደኛው የሚፈልገው እውነተኛውን ኑሮ ከሆነ ደባርቅ ትሽጥለት፤ ያውም ያለ ጉድለት። ከሐምሌ እስከ መስከረም መባቻ የሚያገለግል ልዩ የክረምት ጉዞ ይዘጋጅ። ጃኬቱ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥና ኮንጎ ጫማና ገሳ ይሰጠው። ቦርሳውን ፍልስፍናው እንደሚያዘው በገዛ ጀርባው ይሸከም፤ በቅሎዋ ባዶዋን ትሂድ፣ በዚያ ጭቃ እሷም ዕረፍት አትጠላም። ከሳንቃ በር እስከ ጨነቅ የበቅሎዋን ገመድ ይዞ ጅረቱን ያሻግራት፣ ሌሊት ከድንኳኑ ውጭ ይጠብቃት፣ ጠዋት እርጥቡን እንጨት እፍ እያለ እሳት ያንድድ። ባለበቅሎው ከፊት ከፊት እየሄደ ፎቶ ያንሳው፣ በየዕረፍቱም የገብሱ አረም እንዴት እንደሚነቀል ያስረዳው። ማሳው ላይ አንድ ቀን አርሞ ቢመለስ ደግሞ የምስክር ወረቀት ይጨመርለት። ይህ ሁሉ ከተራው ጉዞ እጥፍ እንደሚያስከፍል ግልጽ ነው፤ ጉሙም ለብቻው ይታሰብ፣ በጥር ማንም የማያገኘው ነውና። በዋጋው ላይ መከራከር ይፈቀዳል፤ የሚፈቀደው ግን ለባለበቅሎው ብቻ ነው።